የቅጽል ቦታ፦ ከእስፓኝኛ እስከ አማርኛ

ቅጽል በዐረፍተ ነገር ውስጥ የት ይቀመጥ ብሎ መጠየቅ የትምህርት ቤት ጥያቄ ይመስላል። ለአማርኛ ተናጋሪማ ጥያቄው ከናካቴው የተዘጋ ነው፤ «ትልቅ ቤት» እንጂ «ቤት ትልቅ» አይባልም፤ ቅጽል ይቀድማል፣ ስም ይከተላል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ግን ነገሩ በዚህ እንደማያበቃ ነው። የቅጽል ቦታ ቋሚ በሆነበት ቋንቋ፣ ቦታው ሊሠራው ይችል የነበረውን ሥራ ሌላ ነገር ሊሠራው ይገባል። ያ ሌላ ነገር ሥራውን ሳይሠራ ሲቀር አንባቢ ይሳሳታል፤ አንዳንዴም ሰው ይበደላል። ይህን ለመረዳት በመጀመሪያ የቅጽል ቦታ ወዳልተዘጋበት ወደ እስፓኝኛ፣ ቀጥሎም ይህ ጽሑፍ በሚጻፍበት በኦስሎ ወደሚነገረው ወደ ኖርዌይኛ፣ ከዚያም ወደ ግእዝና ወደ አማርኛ እናመራለን።

ሀ. እስፓኝኛ፦ ቦታ ትርጉም ሲሆን

በእስፓኝኛ የቅጽል የተለመደ ቦታ ከስም በኋላ ነው። ይሁንና ብዙ ቅጽሎች ከስም በፊት ሊመጡ ይችላሉ፤ ሲመጡም ትርጉማቸው አብሮ ይለወጣል። «ኦምብሬ» ሰው ነው፣ «ግራንዴ» ትልቅ ነው። «ኡን ኦምብሬ ግራንዴ» ሲባል ቁመቱና ግዝፈቱ የሚታይ ሰው ማለት ነው። ቅጽሉ ሲቀድም አጥሮ «ግራን» ይሆንና «ኡን ግራን ኦምብሬ» ይባላል፤ በዚህ ጊዜ ሰውዬው አጭርና ቀጭን ሊሆን ይችላል፣ ታላቅነቱ የሥራና የስም ነው። «አሚጎ ቢዬኾ» ዕድሜው የገፋ ወዳጅ ሲሆን፣ «ቢዬኾ አሚጎ» ግን ወዳጅነቱ የቆየ ማለት ነው፤ ሰውዬው ወጣት ሊሆን ይችላል። «ኦምብሬ ፖብሬ» ገንዘብ የሌለው ነው፤ «ፖብሬ ኦምብሬ» ግን የሚያሳዝን ምስኪን ነው፣ ባለጸጋም ቢሆን።

እነዚህ ጥንዶች በተናጠል የሚጠኑ ልዩ ነገሮች ቢመስሉም ከሥራቸው አንድ ሕግ አለ። ከስም በኋላ የሚመጣ ቅጽል ይለያል፤ ስሙ ከሚያቅፋቸው ብዙ ነገሮች መካከል የትኛውን ማለታችን እንደሆነ ይነግረናል። ከስም በፊት የሚመጣ ቅጽል ግን አይለይም፤ በስሙ ውስጥ አስቀድሞ ያለውን ባሕርይ ያወጣል፣ ወይም የተናጋሪውን ስሜትና ፍርድ ያሳያል። ስለ በረዶ የሚጽፍ ሰው «ላ ብላንካ ኒዬቤ»፣ ማለት «ነጩ በረዶ» ሲል ነጭ የሆነውን በረዶ ነጭ ካልሆነው ለመለየት አይደለም፤ በረዶ ነጭ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

ልዩነቱ በብዙ ቁጥር ጎልቶ ይታያል። «ሎስ ሶልዳዶስ ባልዬንቴስ» ከወታደሮቹ መካከል ጀግኖች የነበሩት ማለት ሲሆን፣ «ሎስ ባልዬንቴስ ሶልዳዶስ» ግን ወታደሮቹ በሙሉ ጀግኖች እንደነበሩ ያስረዳል። ተሸለሙ ብለን ብንጨምርበት፣ በመጀመሪያው አነጋገር የተሸለሙት ጥቂቶች ናቸው፣ በሁለተኛው ሁሉም ናቸው። ሁሉም ቅጽሎች ግን እንዲህ ያለ ነጻነት የላቸውም። አገርን፣ ዓይነትን ወይም የሙያ ክፍልን የሚያመለክቱ ቅጽሎች ሥራቸው መለየት ብቻ ስለሆነ ከስም በኋላ ይቆያሉ፤ የኖርዌይ መጽሐፍ ለማለት «ሊብሮ ኖርዌጎ» ይባላል እንጂ አይገለበጥም።

ይህን ሕግ በሰፊው ካብራሩት ሰዋስዋውያን አንዱ አንድሬስ ቤዮ ነበር፤ የሕይወት ታሪኩም ለዚህ መጽሔት አንባብያን እንግዳ አይሆንም። በ1781 እ.ኤ.አ. በካራካስ የተወለደው ቤዮ በ1810 ከሲሞን ቦሊቫር ጋር ለመልእክት ወደ ለንደን ሄደ፤ በዚያው አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ያህል ቆየ፣ በ1829 ወደ ቺሌ ተሻገረ፣ በ1843 የቺሌ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ሬክተር ሆነ። በ1847 ያሳተመውን የእስፓኝኛ ሰዋስው ለአሜሪካ ሕዝቦች አገልግሎት የተዘጋጀ ብሎታል። ስጋቱ ግልጽ ነበር፤ ላቲን በሮም መውደቅ ማግሥት እንደተከፋፈለ ሁሉ፣ በልዩ ልዩ ሪፐብሊኮች የተበተነው እስፓኝኛም እርስ በርሱ እስከማይግባባ ድረስ ይከፋፈላል የሚል ነበር። የቅጽልን ቦታ የመሰለ ጥቃቅን ነገር በትዕግሥት የመረመረው ከዚህ ስጋት በመነሣት ነው። የትውልድ አገሩን ቬኔዝዌላንም ተመልሶ ሳያያት በ1865 በሳንቲያጎ ዐረፈ።

ለ. ኖርዌይኛ፦ ቦታው ቋሚ፣ ምልክቱ ድርብ

ኖርዌይኛ በቅጽል ቦታ ረገድ ከአማርኛ ጋር ይስማማል፤ ቅጽል ይቀድማል። «ኤት ስቱርት ሁስ» አንድ ትልቅ ቤት ማለት ነው። የሚለየው ነገሩ የታወቀ ሲሆን ነው። ቅጽል በሌለበት ኖርዌይኛ እንደ አማርኛ ምልክቱን በስሙ መጨረሻ ይቀጥላል፤ «ሁስ» ቤት፣ «ሁሰ» ቤቱ ይሆናል። ቅጽል ሲገባ ግን «ደ ስቱረ ሁሰ» ይባላል። እዚህ ላይ ምልክቱ በሁለት ወገን ይታያል፤ ከፊት «ደ» የሚለው መስተአምር፣ ከኋላ በስሙ ላይ የተቀጠለው ምልክት። ቅጽሉም መልኩን ይለውጣል።

ይህ ድርብ ምልክት የኖርዌይን ታሪክ ይዟል። በዴንማርክኛ ቅጽል ሲገባ የስሙ ምልክት ይቀራል፤ የፊተኛው ብቻ ይበቃል። ኖርዌይ ከዴንማርክ በ1814 ከተለየች በኋላም የጽሕፈት ቋንቋዋ ለብዙ ዘመን ዴንማርክኛ ስለነበረ፣ በሕዝቡ አፍ የነበረው ድርብ ምልክት ወደ ጽሕፈት የገባው ቀስ በቀስ ነው። ዛሬም በኦስሎ የተቋማትን ስም የሚያነብ ሰው ሁለቱንም ዘመን ጎን ለጎን ያገኛል። የኖርዌይ ቤተ ክርስቲያን ስም «ደን ኖርስከ ሺርከ» ነው፤ በስሙ ላይ ምልክት የለም። በ1912 የተመሠረተውና በኒኖርስክ የሚጫወተው የኖርዌይ ቲያትር ግን ስሙን በድርብ ምልክት ይጽፋል። ከዚህም በላይ ልዩነቱ ዛሬ ትርጉም ለመለየት ያገለግላል። «ደ ቪተ ሁሰ» በመንገድ ዳር የምናየው ነጩ ቤት ነው፤ የኋለኛው ምልክት የቀረበት «ደ ቪተ ሁስ» ግን በዋሽንግተን ያለው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቤት ነው። እስፓኝኛ በቦታ የሚሠራውን የመሰለ ሥራ ኖርዌይኛ በቅጥያ ይሠራዋል ማለት ነው።

ሐ. ግእዝ፦ ሁለቱም መንገድ ክፍት ነበር

በግእዝ ቅጽል ከስም በፊትም ከስም በኋላም ይመጣል፤ በጾታና በቁጥርም ከስሙ ጋር ይስማማል። «ብእሲ ጻድቅ»፣ «ብእሲት ጻድቅት» ይባላል፤ «ጻድቅ ብእሲ» ማለትም ይቻላል። አማርኛ ከግእዝ የወረሳቸው ስሞች ይህን ነጻነት እስከ ዛሬ ይዘው ይኖራሉ። «መንፈስ ቅዱስ» ስንል ስም ቀድሟል፤ «ብሉይ ኪዳን» እና «ሐዲስ ኪዳን» ስንል ቅጽል ቀድሟል። በአንድ ዓይነት ቃል እንኳ ልዩነቱ ይታያል፤ በነጠላ «መጽሐፍ ቅዱስ» የምንለውን በብዙ ቁጥር «ቅዱሳት መጻሕፍት» እንለዋለን፤ ሁለቱም ለጆሯችን እኩል የተስማሙ ናቸው።

ከዚህ ውስጥ አንድ ጠቃሚ ነገር እናገኛለን። «መጽሐፍ ቅዱስ» በአማርኛ ውስጥ የአንድ የታወቀ መጽሐፍ ስም ሆኗል፤ «ቅዱስ መጽሐፍ» ግን ቅድስና ያለው ማንኛውም መጽሐፍ ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫው ቅጥያው የሚያርፍበት ቦታ ነው። «መጽሐፍ ቅዱሱ ጠረጴዛው ላይ ነው» ስንል ምልክቱን በመጨረሻ እናሳርፈዋለን፤ ሁለቱን ቃላት እንደ አንድ ስም ቆጥረናቸዋልና። «ቅዱሱ መጽሐፍ» ስንል ግን ምልክቱ በቅጽሉ ላይ ነው። ኖርዌጂያውያን ነጩን ቤት ከፕሬዚዳንቱ ቤት በቅጥያ እንደሚለዩ ሁሉ፣ እኛም የመጽሐፉን ስም ከመጽሐፉ ባሕርይ የምንለየው በቅጥያ ቦታ ነው።

መ. አማርኛ፦ ምልክቱን የሚሸከመው ቅጽል

አማርኛ የግእዝን ሁለት መንገድ ትቶ አንዱን ብቻ ያዘ። ሰዋስዋውያን ይህን ለውጥ ከኩሽ ቋንቋዎች፣ በተለይም ከአገው፣ ጋር ከነበረው ረጅም ጉርብትና ጋር ያያይዙታል፤ ወልፍ ሌስላው በ1945 እ.ኤ.አ. ስለ ጉዳዩ የታወቀ ጽሑፍ አውጥቷል። በአገው ቋንቋዎች ገላጩ ሁሉ ከተገላጩ ይቀድማል። ኩሽ ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። ኦሮምኛ ግሡን እንደ አማርኛ በመጨረሻ ቢያኖርም ቅጽሉን ከስም በኋላ ያደርጋል፤ «መነ ጉዳ» ቃል በቃል «ቤት ትልቅ» ነው። ጆሴፍ ግሪንበርግ በ1963 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ዝርዝር፣ ግሥ በመጨረሻ በሚመጣበት ቋንቋ ባለንብረቱ ከንብረቱ በኋላ የሚነገር ከሆነ ቅጽሉም ከስም በኋላ ይሆናል ይላል። ኦሮምኛ «የቶላ ቤት» ለማለት «መነ ቶላ» ስለሚል ከዚህ ሕግ ጋር ይስማማል። አማርኛ ደግሞ ባለንብረቱንም ቅጽሉንም በፊት ያደርጋል፤ እርሱም በራሱ መንገድ ወጥ ነው።

የአማርኛ ልዩ ጠባይ ያለው በምልክቱ ነው። «ቤት» ብቻውን ሲሆን «ቤቱ» እንላለን። ቅጽል ሲቀድመው ምልክቱ ከስሙ ላይ ተነሥቶ በቅጽሉ ላይ ያርፋል፤ «ትልቁ ቤት»። የተሳቢው «ን» እንዲሁ ይከተለዋል፤ «ትልቁን ቤት ሸጠ»። ሁለት ቅጽሎች ቢሆኑ የመጀመሪያው ይሸከመዋል፤ «ትልቁ ነጭ ቤት»። በቅጽል ፈንታ የገባ ሐረግም ይህንኑ ያደርጋል፤ «ትናንት የተሸጠው ቤት»። እንግዲህ በአማርኛ ቅጽል የስም ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የስሙን ሥልጣን ተቀብሎ በደጃፉ የቆመ እንደራሴ ነው።

ይህ ሥርዓት ከኖርዌይኛ ጋር ሲጋጭ የሚሆነውን ማሰብ ለወላጆችና ለአስተማሪዎች ይጠቅማል። ኖርዌይኛ የአፉ መፍቻ የሆነ የኦስሎ ልጅ ድርቡን ምልክት ወደ አማርኛ ይዞ ቢመጣ «ትልቁ ቤቱ» ይላል። ይህ አነጋገር በአማርኛ ስሕተት መስሎ አይታይም፤ ትክክል ነው፣ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው፤ «የእርሱ ትልቅ ቤት» ማለት ነው። «ትልቁ ልጄ» ስንል እንደምናደርገው ሁሉ፣ ከቅጽል በኋላ በስሙ ላይ የሚታየው ቅጥያ የባለንብረት ነውና። ልጁ ስለ አንድ ቤት ሲናገር አያቱ ስለ አንድ ሰው ንብረት ትሰማለች። እንዲህ ያለው አለመግባባት በዝምታ ስለሚያልፍ ለማረም ያስቸግራል። በኖርዌይ የትምህርት ሕግ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት የሚሰጠው ተማሪው ኖርዌይኛን በበቂ እስኪችል ድረስ በመሆኑ፣ ኖርዌይኛን ቶሎ የቻለ ልጅ አማርኛውን የሚያርምለት ከቤቱና ከማኅበሩ በቀር ሌላ የለውም።

ትርጉም ለሚሠሩትም ትምህርት አለው። የእስፓኝኛው ቅጽል ቦታውን ሲለውጥ አማርኛው ቃሉን መለወጥ አለበት። «ግራን ኦምብሬ» ታላቅ ሰው ሲሆን «ኦምብሬ ግራንዴ» ግዙፍ ሰው ነው። «ቢዬኾ አሚጎ» የጥንት ወዳጅ፣ «አሚጎ ቢዬኾ» አዛውንት ወዳጅ፤ «ፖብሬ ኦምብሬ» ምስኪን፣ «ኦምብሬ ፖብሬ» ድሃ ነው። ሁለቱንም በአንድ ቃል የተረጎመ ሰው መጽሐፉን አላነበበውም ማለት ይቻላል።

በአማርኛም ቢሆን የቅጽል ቦታ ጨርሶ ሥራ ፈት አይደለም። ብዙ ገላጮች ሲደራረቡ ቅደም ተከተላቸው ይፈርዳል። «የታላቁ ንጉሥ ልጅ» እና «የንጉሡ ታላቅ ልጅ» ሁለት የተለያዩ ሰዎችን ያከብራሉ። «የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር» ስንል ቀድሞ የሆኑት ተማሪዎቹ ይሁኑ ማኅበሩ አይታወቅም። ለስሙ የቀረበው ቅጽል ዓይነቱን ይወስናል፤ የራቀው ደግሞ በጠቅላላው ላይ ይመጣል። በ1967 ዓ.ም. ሥልጣን የያዘው አካል «ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ» ተብሎ ሲጠራ፣ ወታደራዊነቱ ከአስተዳደሩ ጋር ተጣብቆ፣ ጊዜያዊነቱ ግን በዳር ነበር የቆመው። ዳር የቆመው ቅጽል እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስ፣ አሥራ ሦስት ዓመታት ያህል፣ በቦታው ቆየ።

ሠ. ለዪና ገላጭ፦ ቅጽል ፍርድ ሲሆን

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን ደረስን። እስፓኝኛ በቦታ የሚለያቸውን ሁለት ሥራዎች «ለዪ» እና «ገላጭ» ብለን እንጥራቸው። አማርኛ ቅጽልን ሁልጊዜ በፊት ስለሚያኖር ሁለቱ ሥራዎች በአንድ መልክ ይታያሉ። «ጀግኖቹ ወታደሮች ተሸለሙ» ስንል ሁሉም ጀግኖች ስለነበሩ ሁሉም ተሸለሙ ማለታችን ይሁን፣ ወይም ጀግኖች የነበሩት ብቻ ተሸለሙ ማለታችን ይሁን፣ ዐረፍተ ነገሩ አይናገርም። በወታደር ሽልማት ላይ ይህ ብዙ ጉዳት የለውም። በፖለቲካ ጽሑፍ ላይ ግን አለው።

ከተማሪው እንቅስቃሴ ዘመን ጀምሮ የፖለቲካ አማርኛችን በቅጽል የተሞላ ነው። «አድኃሪ መኳንንት»፣ «ጠባብ ብሔርተኞች»፣ «ትምክህተኛ ነፍጠኞች»፣ «ተራማጅ ኃይሎች» የሚሉት ጥንዶች በየዘመኑ በመንግሥትም በተቃዋሚም ብዕር ሲመላለሱ አይተናል። «ጠባቦቹ ብሔርተኞች ስብሰባውን ረግጠው ወጡ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር እንመልከት። ጸሐፊው ከብሔርተኞች መካከል ጠባብ የሆኑት ወጡ ማለቱ ነውን? ወይስ ብሔርተኛ ሁሉ ጠባብ ነው ማለቱ? የመጀመሪያው ከሆነ የተናገረው ስለ ጥቂት ሰዎች ነው፣ ሌሎቹንም አልነካም። ሁለተኛው ከሆነ አንድን ወገን በሙሉ ፈርዶበታል። ሲጠየቅ ግን ወደ መጀመሪያው ማፈግፈግ ይችላል፤ አንባቢውም ሁለተኛውን ይዞ ይሄዳል።

ጉዳዩን የሚያከብደው ሌላ ነገር አለ፤ በስም ፊት የቆመ ቅጽል ለክርክር አይቀርብም። ከላይ ያለውን ዐረፍተ ነገር ሐሰት ነው ብለን ብንቃወም «ረግጠው አልወጡም» ማለታችን ይሆናል፤ ጠባብነታቸው ሳይነካ ይቀራል። ክሱ ያለው በቅጽሉ ውስጥ ነው፣ ተቃውሟችን ግን የደረሰው ግሡ ላይ ነው። ጸሐፊው «ብሔርተኞቹ ጠባቦች ናቸው» ቢል ኖሮ ግን ነገሩ ይለወጥ ነበር፤ ማስረጃህ የት አለ ሊባል ይችላል፣ መልስም ይገባዋል። ያው ቃል ከስሙ በፊት ሲሆን የተፈጸመ ፍርድ፣ ከስሙ በኋላ ከ«ነው» ጋር ሲሆን ግን ማስረጃ የሚጠየቅበት ክስ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. «ነጭ ሽብር» እና «ቀይ ሽብር» በተባሉት ስሞች ውስጥ ሁለቱ የቀለም ቅጽሎች የሠሩት ሥራ ይህ ነበር፤ ሽብር የሚለው ስም ለሁለቱም አንድ ሆኖ ሳለ፣ የአንዱ ግድያ ወንጀል የሌላው ግድያ ግዳጅ መስሎ እንዲሰማ ያደረገው ቅጽሉ ነው።

እኛ በስደት ያለን ምሁራን ይህን በሌሎች ላይ ብቻ ማየት አይገባንም። «ሥልጣን የጠማቸው ስደተኛ ምሁራን» ሲባል ማን ማን ነው ብለን እንቆጣለን፤ ሁላችንም ነን ወይስ ጥቂቶቻችን? ጥያቄያችን ተገቢ ነው። «አድርባዮቹ የአገር ቤት ምሁራን» ብለን በምንጽፍበት ጊዜ ግን ያው ጥያቄ ከወዲያኛው ወገን እንደሚነሣ እንረሳለን። በብዙ ችግር ውስጥ ክፍላቸውን ሳይዘጉ ያስተማሩት የአገር ቤት ባልደረቦቻችን በዚያ ሐረግ ውስጥ ይግቡ አይግቡ ዐረፍተ ነገራችን አይነግራቸውም። ከሥራ ባልደረቦቻችን ጋር የሚያለያየን አንዳንዴ የአቋም ልዩነት ሳይሆን ያልተለየ ቅጽል ነው።

ረ. ምን ይደረግ?

አማርኛ የእስፓኝኛን ነጻነት ይዋስ ማለታችን አይደለም። ቅጽልን ከስም በኋላ ማድረግ ለግጥም ቤት መምቻ ይፈቀድ ይሆናል፤ ለስድ ንባብ ግን ባዕድ ነው። ደግነቱ ቋንቋው የራሱ መሣሪያዎች አሉት። ለመለየት ስንፈልግ «ከወታደሮቹ መካከል ጀግኖቹ» ወይም «ከብሔርተኞች ጠባብ የሆኑት» ማለት ይቻላል፤ «ከ» እና «መካከል» የጥቂቱንና የብዙውን ድንበር ያሰምራሉ። ለመግለጽ ስንፈልግ ደግሞ ቅጽሉን ከስሙ ፊት አንሥተን በ«ነው» እንዝጋው፤ «ወታደሮቹ ጀግኖች ነበሩ፤ ተሸለሙም»። ዐረፍተ ነገሩ በጥቂት ቃላት ይረዝማል፣ ኃላፊነቱ ግን ግልጽ ይሆናል። ገላጮች ሲደራረቡም እያንዳንዱ የየትኛው ስም እንደሆነ እስኪታወቅ ድረስ ቅደም ተከተላቸውን መለዋወጥ፣ ካልሆነም ዐረፍተ ነገሩን ለሁለት መክፈል ይገባል።

የመጽሔት አዘጋጆችም አንድ ቀላል መመዘኛ ሊይዙ ይችላሉ። በሰዎች ወይም በወገን ስም ፊት የቆመ የፍርድ ቅጽል ባጋጠማቸው ጊዜ ጸሐፊውን «ሁሉም ናቸው ወይስ ከመካከላቸው?» ብለው ይጠይቁት። ከመካከላቸው ካለ እንዲለይ ያድርጉት፤ ሁሉም ካለ ማስረጃውን ያምጣ። ይህ ጥያቄ የማንንም ሐሳብ አያፍንም፤ ሐሳቡን በስሙ እንዲጠራ ያደርገዋል እንጂ።

ለልጆቻችን የሚሰጠው የአማርኛ ትምህርትም ከፊደልና ከሰላምታ አልፎ እስከዚህ ቢደርስ መልካም ነው። «ትልቁ ቤት» እና «ትልቁ ቤቱ»፣ «የታላቁ ንጉሥ ልጅ» እና «የንጉሡ ታላቅ ልጅ»፣ «መጽሐፍ ቅዱሱ» እና «ቅዱሱ መጽሐፍ» የሚሉት ጥንዶች በአንድ ሰዓት ትምህርት ሊታዩ ይችላሉ፤ ኖርዌይኛ የሚያውቅ ልጅም በትምህርት ቤቱ ከተማረው ድርብ ምልክት ጋር እያነጻጸረ ቶሎ ይረዳቸዋል። ሁለት ቋንቋ ማወቁ በዚህ ረገድ መሰናክል ሳይሆን መማሪያ ይሆነዋል።